ስለ ሽምግልና ባልንጀራ

በአገራችን ልማድ ሽማግሌ ሲመርቅ ከሚናገራቸው ቃሎች ሁሉ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ከሚለው የሚበልጥ ምርቃት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጧሪ ማለት ጕልበት በደከመ ጊዜ የሚያበላ፣ የሚያለብስና የሚያስታምም ነው፤ ቀባሪ ማለት ደግሞ ነፍስ በተለየች ጊዜ ሥጋን በክብር ወደ መቃብር የሚያደርስ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሚነገረው ጡረታ የሚለው ቃልም የተወለደው ከዚሁ ጦረ ከሚለው ግስ ነው። ነገር ግን አጥብቆ ለሚመረምር ሰው በጧሪና በቀባሪ መካከል አንድ ባዶ ስፍራ ይታየዋል። ሽማግሌው በልቶ ከጠገበ በኋላ፣ ከመቀበሩም በፊት ቀኑን ከማን ጋር ይዋል? የሚያስታውሰውንስ ለማን ይንገር? በዚህ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልናመለክት የወደድነው ስለዚሁ ስለ ሦስተኛው፣ ስለ አጫዋች ነው።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ስናገለግል ብዙ ዘመን ስለ ሆነን፣ ወላጆች በልጆቻቸው ላይ የሚያቀርቡትን የቀለብ አቤቱታ በየጊዜው በመዝገብ እናያለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከእርሱም በኋላ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ልጅ የተቸገረ ወላጁን እንዲረዳ ያስገድዳሉ፤ ቀለብ የሚባለውንም ሲዘረዝሩ ምግብን፣ መኖሪያን፣ ልብስንና የጤና መጠበቂያን ይቈጥራሉ። መንግሥትም በ1955 ዓ.ም. ለሠራተኞቹ የጡረታ አዋጅ አወጣ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በግል ድርጅት ለሚሠሩት ጡረታ ተደነገገላቸው። 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛም ሥራውን አስረክቦ አበሉን በየወሩ ይቀበላል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ዳኛ «በወር ይህን ያህል ብር ይስጥ» ብሎ ይፈርዳል እንጂ «በሳምንት ሁለት ቀን ከአባቱ ጋር ተቀምጦ ይጫወት» ብሎ ሊፈርድ አይችልም፤ ቢፈርድም አፈጻጸሙ ያስቸግራል።

የቀጠሯቸው ቀን ሳይደርስ ማልደው መጥተው ከመዝገብ ቤቱ ፊት ካለው አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። መዝገባቸውን ተመልክተን «ቀጠሮዎ ለሚመጣው ወር ነው» ብንላቸው «ዐውቃለሁ ልጄ» ብለው እዚያው ይቀመጣሉ። ከዚያም በአጠገባቸው ካለው ባለጉዳይ ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ቀድሞ ዳኞች እየተጨዋወቱ ይውላሉ። የፍርድ ቤት ደጅ ማንም ሊጠላው የሚገባ ስፍራ ሲሆን እነርሱ የሚናፍቁት፣ ሌላ የሚጫወቱበት ስፍራ ስላጡ ነው።

ይህን ነገር አጥብቀን እንድናስብ ያደረገን ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነ ነገር ነው። በመሥሪያ ቤታችን ረዥም ዘመን መዝገብ ያዥ የነበሩ፣ ለእኛም ሥራውን ያስተማሩን አንድ ሽማግሌ፣ ጡረታ ከወጡና ባለቤታቸው ከሞቱባቸው በኋላ ከልጃቸው ቤት ገቡ። ልጃቸው ደኅና ሹመት ያለው፣ ወላጁን የሚያከብር ሰው ነው። ለአባቱ ፀሓይ የምትገባበትን ክፍል ሰጣቸው፤ ጋቢ አለበሳቸው፤ ሐኪም አሳያቸው፤ ቴሌቪዥንም አቆመላቸው። ሽማግሌው ግን ዓመት ያህል ከተቀመጡ በኋላ አንድ ቀን ዳዊታቸውንና ምንጣፋቸውን ይዘው ወጡ፤ በአዲስ አበባ ካሉት አድባራት በአንዱ ቅጥር አጠገብ፣ አረጋውያንና መነኮሳይያት በሚኖሩበት ሰፈር፣ ከአንዲት ጠባብ ቤት ገቡ። ልጁም እጅግ አፈረ፤ «አባቱን ደጀ ሰላም ጣለ አይሉኝምን?» እያለ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻም ሁለት ጎረቤቶቹንና እኛን ሽማግሌ አድርጎ ወደ አባቱ ላከ።

በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ማርጀት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ሹሙም ባላገሩም ዕድሜው በገፋ ጊዜ ሀብቱን ለልጆቹ አከፋፍሎ፣ ቆብ ደፍቶም ይሁን ሳይመነኵስ እንዲያው ተጠግቶ፣ በደብረ ሊባኖስም ሆነ በሌላ ገዳምና ደብር አጠገብ ቀሪ ዘመኑን ይኖር ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ የሚኖረው ብዙ ነው። ይህን ኑሮ ከሩቅ ሲያዩት ጸሎትና ድህነት ብቻ ይመስላል። እኛ ግን በተላክን ጊዜና ከዚያም ወዲህ እየተመላለስን የተረዳነው፣ ከጸሎቱና ከድህነቱ ጋር ባልንጀርነትም እንዳለበት ነው።

ቀናቸው የሚጀመረው ሌሊት 11 ሰዓት ግድም ነው። የኪዳን ደወል ሲሰማ ቀድሞ የነቃው ወጥቶ የጎረቤቱን በር በምርኩዙ መታ መታ ያደርግና «አደሩ?» ይላል። በውስጥ ያለውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል፤ ተነሥቶም የሚቀጥለውን በር ይመታል። እንዲህ እየተባለ ከመጀመሪያው ቤት እስከ መጨረሻው ይደረሳል። ይህ ለእንግዳ ሰው ሰላምታ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በሌሊት የታመመ ወይም ያረፈ መኖሩ የሚታወቀው በዚህ ነው። መልስ ያልተሰማበት በር ይከፈታል፤ ስለዚህ ከእነርሱ መካከል በሩን ከውስጥ የሚቀረቅር የለም።

ከኪዳን በኋላ ደካማው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የበረታው ቅዳሴ ያስቀድሳል። ፀሓይ ሞቅ ስትል ከግንቡ ሥር በረድፍ ይቀመጣሉ። የእያንዳንዱ ስፍራ የታወቀ ስለ ሆነ ያንዱን ሌላው ቢይዘው ጠብ ይሆናል። እማሆዮቹ እንዝርታቸውን ይዘው ጥጥ ይፈትላሉ፤ ፈትሉም ተሽጦ ለቡናና ለጧፍ ይሆናል። ወንዶቹ ዳዊት ይደግማሉ፤ ጋዜጣም ሲገኝ ይነበባል። ንባቡም ሥርዓት አለው፤ ዓይኑ የሚያይ ያነባል፤ ጆሮው የሚሰማ ለደነቈረው በጩኸት ይደግምለታል፤ ካነበበውም ከሰማውም ይልቅ ብዙ ሐተታ የሚሰጥ ግን የደነቈረው ነው። በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ይቈያሉ፤ በፍስክ ቀን ግን ረፋዱ ላይ ቡና ይፈላል። ተራው የደረሰ ቡናውን፣ ሌሎቹ ቆሎውን ወይም ዳቦውን ያመጣሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ ሳይጠጡ መነሣትም ነውር ነው።

ከሰዓት በኋላ የአብነት ተማሪዎች ውኃ ይቀዱላቸዋል። አረጋውያኑም ካላቸው እንጀራ ያካፍሏቸዋል፤ ንባብ ሲስቱም ያርሟቸዋል። በሰንበት ሰንበቴ አለ፤ በወር የጽዋ ማኅበር አለ፤ እድርም አላቸው። ሁልጊዜ ሰላም ነው ማለታችን ግን አይደለም። ስለ አንድ ጀበና መሰበር ሦስት ሳምንት ሳይነጋገሩ የቈዩ ሁለት እማሆዮች ዐውቀናል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታትም ቢሆን ማለዳ በር መምታቱ አልቀረም፤ «አደሩ?» የሚለው ቃል ቀርቶ ምርኩዙ ብቻ ይሰማ ነበር፤ መልሱም በሳል ይሰጥ ነበር።

የመዝገብ ያዡ ሽማግሌ ጎረቤት የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ እኚህ ሰው ከዚያ እጅግ ዘግይተው በዚያ መሥመር ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ጣቢያዎቹን «አቃቂ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ አዋሽ» እያሉ እስከ ድሬዳዋ እንደ ውዳሴ በቃላቸው ይደግሟቸው ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ሁለቱ የተዋወቁት በዚያው ሰፈር፣ ሁለቱም 70 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። አንዱ ስለ ባቡር፣ አንዱ ስለ ሙግት ይናገራል፤ ከጊዜ በኋላም የባቡሩ ሰው የሙግቱን፣ የሙግቱ ሰው የባቡሩን ታሪክ ከባለቤቱ ይልቅ ዐወቁት።

እኛ በደረስን ጊዜ ሽማግሌው በክብር ተቀብለው ቡና አስፈሉልን፤ የመጣንበትንም ከሰሙ በኋላ እንዲህ አሉ።

«ልጄ በደለኝ ብዬ አልወጣሁም፤ ይህን እንደ ቃል አድርጋችሁ መዝግቡልኝ። ምግቡ መልካም ነው፤ አልጋው መልካም ነው፤ ምራቴም እግሬን ታጥበኛለች። ነገር ግን ሁሉም ጠዋት 1 ሰዓት ይወጣሉ፤ ማታ 1 ሰዓት ደክመው ይመለሳሉ። በዚህ መካከል 12 ሰዓት አለ። ቴሌቪዥኑ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ማታ ለልጆቹ አንድ ነገር ላወራ ስጀምር ‹አባባ፣ ይህን ነግረውናል› ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፤ ነግሬአቸዋለሁ። ለዚህ ለጎረቤቴ ግን አንዱን ነገር 10 ጊዜ ብነግረው በ11ኛው ‹የለም፣ ባለፈው ዳኛው አጭር ሰው ነበር ብለኸኛል፤ ዛሬ ከየት አስረዘምኸው?› ብሎ ይከራከረኛል።»

እኛም የተላክንበትን ነገር አልተውንም። «የልጅዎ ስም ይጠፋል፤ ክረምቱ ይጎዳዎታል፤ ቢታመሙም ሐኪም ሩቅ ነው» አልናቸው። ሽማግሌው ብርዱን አልካዱም፤ ጣራው የሚያፈስበትንም ስፍራ በጣታቸው አሳዩን። የልጃቸው ስም በተነሣ ጊዜ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ብዙም ጊዜ ዝም አሉ። ኋላ «የልጄን ስም የማጠፋ ከሆነ እመለሳለሁ» አሉ። እስከዚያ ድረስ ከጥግ ተቀምጠው የነበሩት የባቡሩ ሰው ይህን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና «እንግዲያውስ ምንጣፍህን ልጠቅልልልህ» አሉ። አልተቃወሙም፤ አልለመኑም፤ ጎንበስ ብለው መጠቅለል ጀመሩ። እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ ሦስታችን ሽማግሎች እርስ በርሳችን ተያየን። እነዚህን ሁለት ሰዎች ለያይተን ብንሄድ አንድ ሰው አስታርቀን ሁለት ሰው አጕድለን እንደምንመለስ ሁላችንም ገባን።

የማታ ማታ የተስማማነው ይህ ነው። ሽማግሌው በዚያው ይቀመጡ፤ ልጅየው ጣራውን ያሳድስ፤ ብርድ ልብስና መብራት ያምጣ፤ የሐኪሙንም ነገር ይያዝ። በየሰንበቱ ልጆቹን አስከትሎ መጥቶ ከአባቱና ከባልንጀሮቻቸው ጋር በሰንበቴው ይቀመጥ። በገና፣ በፋሲካና በመስቀል ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ቤት ይሂዱ፤ የባቡሩም ሰው አብረዋቸው ይጋበዙ። ልጅየው በመጀመሪያው ሰንበት የመጣው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ነገር ግን አባቱ በሰው መካከል ሲሥቁ አየ፤ እናቱ ከሞተች ወዲህ ሲሥቁ አይቷቸው እንዳላወቀ ኋላ ነግሮናል። ሰውም እንደ ፈራው «አባቱን ጣለ» አላለም፤ በየሰንበቱ የሚመላለሰውን ልጅ ሁሉ ያየዋልና።

ከ2 ዓመት በኋላ በክረምት፣ አንድ ማለዳ የባቡሩ ሰው በር ተመትቶ መልስ ጠፋ። ሽማግሌው ከፍተው ቢገቡ አንድ ወገን አካላቸው ሰንፎ፣ አንደበታቸውም ተይዞ አገኟቸው። ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር ያህል ኖሩ። ያስታመሟቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸውም የመዝገብ ያዡ ልጅ ነበር። ሽማግሌው በአልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው የጣቢያዎቹን ስም በተራ ይጠሩላቸው ነበር። አንዳንድ ጊዜም ሆነ ብለው ሞጆን ይዘሉና ከቢሾፍቱ ወደ አዳማ ያልፋሉ፤ በዚያን ጊዜ ሕመምተኛው በደኅናው እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ ያደርጉ ነበር። ባረፉም ጊዜ ማኅበሩና እድሩ፣ ተማሪዎቹ፣ የመዝገብ ያዡም ልጅና የልጅ ልጆች ቀበሯቸው፤ በ40 ቀናቸውም ተዝካራቸው ወጣ። ልጅ ያልነበራቸው ሰው ጧሪም ቀባሪም ያገኙት በአጫዋቾቻቸው በኩል ነው።

ለሽማግሌዎች የሚሆን የኅብረት መኖሪያ በውጭ አገርም ብዙ ታስቦበታል። በልጅነታችን ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥተን በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርን ጊዜ ስሟን በሰማናት በአውግስቡርግ፣ በጀርመን አገር፣ ያዕቆብ ፉገር የሚባል ባለጠጋ ነጋዴ በ1521 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ለችግረኛ የከተማው ሰዎች አንድ ሰፈር መሠረተ። ይህም ፉገራይ ተብሎ እስከ ዛሬ አለ። በ67 ቤቶች 150 ያህል ሰዎች ይኖሩበታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። የዓመቱ የቤት ኪራይ ጥንት እንደ ተወሰነው አንድ የራይን ጉልደን፣ በዛሬው ገንዘብ 88 የዩሮ ሳንቲም ነው፤ ነዋሪውም በየቀኑ 3 ጊዜ ለመሥራቹ ቤተ ሰብ እንዲጸልይ ግዴታ አለበት። ማታ 4 ሰዓት ሲሆን የሰፈሩ በር ይዘጋል፤ ያመሸ ሰው ለዘበኛው ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ይገባል። የየቤቱም የደወል መሳቢያ ቅርጹ ልዩ ልዩ ነው፤ ይኸውም መብራት ባልነበረበት ዘመን በጨለማ የመጣ ሰው ዳብሶ በሩን እንዲያውቅ ነው ይባላል። ሰፈሩ በ1944 በጦርነቱ ቦምብ ቢፈርስም ዳግመኛ ተሠርቷል።

በአሜሪካም በአሪዞና ምድረ በዳ ዴል ዌብ የሚባል የሕንፃ ተቋራጭ በጥር 1 ቀን 1960 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ሰን ሲቲ የተባለውን የጡረተኞች ከተማ ከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 100 ሺህ የሚያህል ሰው ሊያየው መጣ። በየቤቱ ቢያንስ አንዱ ነዋሪ 55 ዓመት የሞላው እንዲሆን የታዘዘ ነው፤ ሕፃናት ለጥየቃ ይመጣሉ እንጂ አይኖሩበትም። እንግዲህ ከአውግስቡርጉም ከአሪዞናውም የምንማረው፣ ሽማግሌ ከእኩዮቹ ጋር መኖርን የሚወድ መሆኑን ነው። የሕፃናቱን ነገር ግን እኛ አንከተለውም፤ በአድባራቱ አጠገብ የተማሪውና የአረጋዊው መደጋገፍ ይበልጥብናል።

ይህን ስንጽፍ ልጆች ወላጆቻቸውን ወደ ደጀ ሰላም ለመስደድ ምክንያት እንዲያደርጉት አይደለም። በጠባብ ቤት ክረምትን ማሳለፍ ለደካማ ሰው ከባድ ነው፤ ሽማግሌው ራሱ ወዶ ካልመረጠውም ግዞት ይሆናል። ከነጭራሹ ዘመድ ለሌላቸውና በመንገድ ለወደቁትም ቢኒያም በለጠ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ብዙ ሺህ ሰው እየሰበሰበ ይጦራል፤ እጁን የሚዘረጋ ሰው የሚዘረጋበት ስፍራ ይህ ነው። የእኛ ምክር ግን በተለይ ወላጁን በቤቱ ለሚጦር ደኅና ልጅ ነው።

ስለዚህ አባትህን ወይም እናትህን ወደ ቤትህ ስታመጣ ከአልጋው በፊት ባልንጀሮቻቸውን አስብ። ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙ ቤተ ሰብ ከጥንት ሰፈሩ ተነሥቶ በኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ በ4ኛ ፎቅ የተቀመጠ ሽማግሌ እድሩም ማኅበሩም ከደረጃው በታች ቀሩበት ማለት ነው። ምርጫ ካለህ ምድር ቤቱን ስጠው። የማኅበሩን ቀን አንተ ጻፈው፤ በዚያን ቀንም አድርሰህ መልሰው። የቀድሞ ጎረቤቱ ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ ቡና ይፈላ፤ ወሬአቸውም ቢረዝም አትሰልች። አንተም የሰማኸውን ታሪክ ደግሞ ሲነግርህ «ነግረኸኛል» ከምትለው «ያን ጊዜ ዳኛው ማን ነበር?» ብለህ ጠይቀው። ይህ ሁሉ ከሐኪምና ከጋቢ ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጥቂት ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ለአንባቢዎቻችንም ሁሉ እንደ አባቶች ልማድ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ እያልን፣ በዚህ ላይ አንድ ቃል ጨምረን፣ አጫዋችም አያሳጣችሁ እንላለን።